የኦቶማቲክ ካምቢዮ ሙቀት በጋምቤላ መንገድ

የኦቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ሦስት ሥራ አለው። የሞተሩን ጉልበት ወደ ጎማው ያሸጋግራል፤ ማርሾቹን፣ ኩሽኔታዎቹንና የፍሪሲዮን ሸራዎቹን ያለሰልሳል፤ ከእነሱ የሚወጣውን ሙቀትም ተሸክሞ ወደ ማቀዝቀዣው ይወስዳል። ሦስቱንም ሥራ በደንብ መሥራቱ የሚወሰነው በሙቀቱ ልክ ነው። ሲቀዘቅዝ ይወፍርና ማርሽ ያዘገያል። ከልክ በላይ ሲሞቅ ደግሞ ይቀጥናል፣ ይጠቁራል፣ የተቃጠለ ሽታ ያመጣል፤ ቀጥሎ የሚቃጠለው ሸራው ነው። ይህ ሁሉ ሆኖ በአብዛኛው መኪና ዳሽቦርድ ላይ የሚታየው የራዲያተር ውሃ ሙቀት እንጂ የካምቢዮ ዘይት ሙቀት አይደለም። አሽከርካሪው ችግሩን የሚያውቀው ማስጠንቀቂያ መብራት ሲበራ ወይም ማርሹ መንሸራተት ሲጀምር ነው፤ ያኔ ጉዳቱ ደርሷል። ቁጥሩ ግን መኪናው ውስጥ አለ። የመኪናው ኮምፒውተር በየቅጽበቱ ያነበዋል፤ ከመሪው ሥር ባለው የምርመራ ሶኬት በኩልም በአግባቡ ለጠየቀው ይናገራል።

ቁጥሩ በጋምቤላ የበለጠ ይፈለጋል። ከተማዋ ባሮ ዳር፣ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ የቀኑ ሙቀት 40 ዲግሪ ይደርሳል፤ አልፎ የሚሄድበት ቀንም አለ። ማቀዝቀዣ የሚሠራው በዘይቱና በውጭው አየር መካከል ባለው የሙቀት ልዩነት ነው። አዲስ አበባ ላይ አየሩ 22 ዲግሪ ሲሆን 90 ዲግሪ የደረሰ ዘይት ከአየሩ በ68 ዲግሪ ይበልጣል። ጋምቤላ ላይ አየሩ 40 ሲሆን ልዩነቱ 50 ብቻ ይሆናል። መኪናው ያው ነው፣ ማቀዝቀዣውም ያው ነው፤ የልዩነቱ ሩብ ግን ጠፍቷል። የቆላው አየር ከደጋው ስለሚከብድ ከጠፋው የተወሰነውን ይመልሳል፤ ሁሉንም ግን አይክስም።

ሙቀቱ በብዛት የሚመነጨው ቶርክ ኮንቨርተር ከሚባለው ክፍል ነው። ማንዋል መኪና ላይ ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር የሚያገናኘው አሽከርካሪው በእግሩ የሚረግጠው ፍሪሲዮን ነው። ኦቶማቲክ ላይ በፍሪሲዮኑ ፋንታ ይህ በዘይት የተሞላ ክብ ዕቃ ይገጠማል። በውስጡ ፊት ለፊት የተቀመጡ ክንፎች አሉ፤ አንደኛውን ሞተሩ ያዞረዋል፣ እሱ የሚወረውረው ዘይት ሌላኛውን ይገፋል፤ የሚሠራ ቬንትሌተር አጠገቡ ያለውን የጠፋ ቬንትሌተር በነፋሱ እንደሚያዞረው ማለት ነው። ሁለቱ ክንፎች እኩል እስካልዞሩ ድረስ በመካከል የሚጠፋው ጉልበት ሁሉ ሙቀት ሆኖ ዘይቱ ውስጥ ይቀራል። አስፋልት ላይ ፍጥነት ሲጨምር በውስጡ ያለ መቆለፊያ ሁለቱን ያያይዛቸዋል፤ ሙቀቱም ይወርዳል። ዳገት ላይ ከተጫነ የጭነት መኪና ኋላ በ15 ወይም በ20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መጎተት ሲመጣ ግን መቆለፊያው አይያዝም። ጭቃ ውስጥም እንዲሁ ነው። ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው እምብዛም አይሄድም፤ ልዩነቱን የሚሸከመው ዘይቱ ነው።

የጋምቤላ መንገድ ሁለቱንም ያቀርባል። ከአዲስ አበባ በመቱ በኩል የሚመጣው መንገድ 770 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ 2000 ሜትር ገደማ ከፍታ ካላት ጎሬ ተነሥቶ በቡሬ በኩል ወደ ቆላው ይወርዳል። 200 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ውስጥ ቁልቁለቱ 1500 ሜትር ያህል ነው። ካምቢዮን የሚፈትነው ግን መውረዱ ሳይሆን መመለሱ ነው። ከጋምቤላ ተነሥቶ ወደ ጎሬ የሚወጣ መኪና አቀበቱን የሚጀምረው በሞቀው አየር ውስጥ ነው፤ ቀዝቃዛውን አየር የሚያገኘው ዋናውን ዳገት ከጨረሰ በኋላ ነው። ሰው ሞልቶ፣ ኮፈን ላይ ፀሐይ እየወረደ፣ ኤሲ በርቶ የሚወጣ ፕራዶ በዚህ መንገድ ላይ የካምቢዮውን ዘይት ከማንኛውም የከተማ ጉዞ በላይ ያሞቀዋል። በምዕራብ በኩል ወደ ኢታንግ፣ ላሬና ጂካዎ፣ በደቡብ በኩል ወደ አቦቦ፣ ጎግና ፑኝዶ ሲኬድ ዳገት የለም፤ ሜዳ ነው። እዚያ ፈተናው ክረምት ነው። ጥቁሩ አፈር ውሃ ሲጠጣ ጎማ ይይዛል። መኪናውን ለማውጣት ማርሹን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየቀያየሩ ነዳጅ መርገጥ የተለመደ ነው፤ ለኦቶማቲክ ካምቢዮ ግን ከዚህ የከፋ ሥራ ብዙ የለም። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሙቀቱ አስፋልት ላይ በሰዓታት የማይደርስበት ይደርሳል።

ሙቀቱን የሚለካው ሴንሰር ትንሽ ዕቃ ነው። ብዙውን ጊዜ ከካምቢዮው ሥር ባለው የዘይት መያዣ፣ በመካኒኮች አነጋገር ኮፓው ውስጥ፣ በዘይቱ ተነክሮ ይቀመጣል። ቴርሚስተር ይባላል። ሲሞቅ ለኤሌክትሪክ ያለው መቋቋም ይቀንሳል፤ ሲቀዘቅዝ ይጨምራል። ኮምፒውተሩ 5 ቮልት ልኮ በሴንሰሩ ላይ ምን ያህሉ እንደቀረ በማየት ዲግሪውን ያሰላል። ማርሽ መቼ እንደሚቀየር፣ መቆለፊያው መቼ እንደሚያዝ፣ የዘይት ግፊቱ ምን ያህል እንደሚሆን የሚወስነውም ይህን ቁጥር ይዞ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ለአሽከርካሪው ባይታይም መኪናው ያለ እሱ በአግባቡ አይነዳም።

የምርመራ ሶኬቱ ኦቢዲ ይባላል። 16 ቀዳዳ አለው፤ አንደኛው ጎኑ ጠበብ ያለ ነው፤ በአብዛኛው ከመሪው በታች ከአሽከርካሪው ጉልበት አጠገብ ይገኛል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1996 ሞዴል ጀምሮ እያንዳንዱ ቀላል መኪና ይህ ሶኬት እንዲኖረው አስገደደች፤ አውሮፓ በቤንዚን መኪኖች ላይ በ2001፣ በናፍጣዎቹ ላይ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተከተለች። ዓላማው የጭስ ብክለትን መቆጣጠር ነበር። ይህን ማወቁ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ሶኬቱ ለሁሉም በአንድ ቋንቋ እንዲናገር የተገደደው ከጭስ ጋር በተያያዙ ነገሮች ላይ ብቻ ነው። የሞተር ውሃ ሙቀት ከእነዚህ አንዱ ነው። አንባቢ መሣሪያ «01 05» ብሎ ሲጠይቅ መኪናው «41 05 82» ብሎ ሊመልስ ይችላል። 41 የጥያቄው ማረጋገጫ ነው፤ 05 የውሃ ሙቀት ማለት ነው፤ 82 ዋጋው ነው። መልሱ የሚጻፈው በ16 መሠረት ስለሆነ 82 ማለት 8 ጊዜ 16 ሲደመር 2፣ ማለትም 130 ነው። ከዚያ ላይ 40 ይቀነሳል፤ ውሃው 90 ዲግሪ ነው ማለት ነው። 40 የሚቀነሰው ከዜሮ በታች ያለ ብርድም በዚያው ቁጥር እንዲገለጽ ነው።

የካምቢዮ ዘይት ሙቀት በመጀመሪያው የጋራ ዝርዝር ውስጥ አልገባም። እያንዳንዱ አምራች የራሱን ጥያቄና የራሱን ስሌት አበጅቶለታል። በርካሽ የተገዛ አንባቢ የሞተሩን ሁሉ እያሳየ ስለ ካምቢዮው ዝም የሚለው በዚህ ምክንያት ነው፤ መኪናው ተበላሽቶ አይደለም። በኢትዮጵያ በብዛት የሚታዩት የቶዮታ መኪኖች ብዙዎቹ የሚመልሱት በጋራው «01» ሳይሆን በአምራቹ «21» ወይም «22» በሚጀምር ጥያቄ ነው። የቶዮታ የራሱ ፕሮግራም ቴክስትሪም ይህን ያለ ችግር ያነባል። ስልክ ላይ የሚጫኑት ቶርክ ፕሮና ካር ስካነር የመሰሉ መተግበሪያዎች ደግሞ የመኪናው ዓይነትና ሞዴል በትክክል ሲመረጥላቸው የአምራቹን ጥያቄ ጨምረው ይጠይቃሉ። ከሶኬቱ ጋር የሚያገናኛቸው ኤልም327 በሚባለው አሠራር የተሠራ በብሉቱዝ የሚሠራ ትንሽ ዕቃ ነው። በዚህ ስም ከሚሸጡት ብዙዎቹ ቅጂ ናቸው፤ የሞተር ሙቀትና የስህተት ኮድ ያነባሉ፣ ረዘም ያለ የአምራች ጥያቄ ሲቀርብላቸው ግን ይቋረጣሉ። ለካምቢዮ ሲባል ሻል ያለ ዋጋ መክፈል ተገቢ ነው።

ሌላም መሰናክል አለ። ወደ ኢትዮጵያ ከሚገቡት መኪኖች ብዙዎቹ የተሠሩት ለባሕረ ሰላጤው አገሮች ወይም ለአፍሪካ ገበያ ነው። ሶኬቱ ይኖራቸዋል፤ የአሜሪካውን ወይም የአውሮፓውን ደንብ ግን ሙሉ በሙሉ ላይከተሉ ይችላሉ። በተለይ የቆዩ የናፍጣ ላንድክሩዘሮች ለጋራው ጥያቄ ጨርሶ ላይመልሱ ይችላሉ፤ እነዚህን ለአምራቹ በተሠራ ስካነር ማስነበብ ይሻላል። ሃርድቶፕ የሚባሉት፣ በክልሉ የስደተኛ መጠለያ መንገዶች ላይ ሲመላለሱ የሚታዩት ላንድክሩዘሮች ደግሞ አብዛኞቹ ማንዋል ናቸው። ማንዋል ካምቢዮ ላይ ኮንቨርተር የለም፤ ብዙውን ጊዜ የሙቀት ሴንሰርም አይኖርም፤ ስለዚህ የሚነበብ ቁጥር የለም። ጉዳዩ የሚመለከተው የፕራዶ፣ የቪ8፣ የኦቶማቲክ ሃይሉክስ፣ የራቭ4፣ የያሪስና የቪትዝ ባለቤቶችን ነው።

ቁጥሩ ከተገኘ በኋላ ከየት የተለካ እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። አንዳንድ ቶዮታዎች ሁለት ሙቀት ይሰጣሉ፤ አንዱ ከኮንቨርተሩ ሲወጣ ያለው ነው፣ ሌላው ኮፓው ውስጥ ያለው። ዳገት ላይ የመጀመሪያው ከሁለተኛው በብዙ ዲግሪ ሊበልጥ ይችላል። የኮንቨርተሩ ቶሎ ይወጣል፣ ቶሎ ይወርዳል፤ የኮፓው ቀስ ብሎ ይከተላል፤ የካምቢዮውን አጠቃላይ ሁኔታ የሚናገረው ይህኛው ነው። አሽከርካሪው በሚነዳበት ጊዜ ስልኩን መመልከት የለበትም፤ አጠገቡ የተቀመጠ ሰው ያንብብለት።

ኮፓው ውስጥ ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ያለ ዘይት ጤናማ ነው። ዳገት ላይ 105 ወይም 110 ነክቶ ሜዳ ሲገኝ የሚመለስ ከሆነ አያሳስብም። 120 ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ከ130 በላይ ዘይቱ በፍጥነት ይበላሻል፣ በቫልቮቹ ላይ ቫርኒሽ መሰል ቆሻሻ ይጋግራል፤ ወደ 150 ሲጠጋ የጎማ ማኅተሞቹ ይደርቃሉ፣ ሸራዎቹም መቃጠል ይጀምራሉ። በካምቢዮ ጠጋኞች ዘንድ የቆየ የግምት ስሌት አለ፤ ከ80 ዲግሪ ገደማ በላይ በየ11 ዲግሪው የዘይቱ ዕድሜ በግማሽ ይቀንሳል ይላል። በ80 ዲግሪ 160,000 ኪሎ ሜትር የሚያገለግል ዘይት፣ በ91 ዲግሪ 80,000፣ በ102 ዲግሪ 40,000፣ በ113 ዲግሪ 20,000 ኪሎ ሜትር ብቻ ያገለግላል ማለት ነው። ዘመናዊዎቹ ሲንቴቲክ ዘይቶች ከዚህ የተሻለ ይታገሣሉ፤ አካሄዱ ግን አይለወጥም። በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ላይ የተጻፈው የቅየራ ጊዜ መካከለኛ አየር ላይ ለሚነዳ መኪና የታሰበ ነው። ጋምቤላ ላይ የሚኖር ኦቶማቲክ መኪና ከዚያ ቀድሞ ዘይቱ ሊቀየርለት ይገባል።

ሴንሰርም ይዋሻል። ለመፈተን ቀላል መንገድ አለ። መኪናው ሌሊቱን ቆሞ ካደረ በኋላ፣ ማለዳ ሞተሩ ሳይነሣ ቁልፉን ብቻ ከፍቶ የሞተር ውሃ፣ የሚገባው አየርና የካምቢዮ ዘይት ሙቀት ይነበባል። ሦስቱ ከጥቂት ዲግሪ በላይ ሊለያዩ አይገባም፤ ጋምቤላ ላይ በዚያ ሰዓት ሁሉም በ20ዎቹ ውስጥ ይሆናሉ። ካምቢዮው ከዜሮ በታች 40 ካለ ሽቦው ተቆርጧል ወይም የሴንሰሩ ሶኬት ወጥቷል፤ እንዲህ ያለ ብርድ በኢትዮጵያ ምድር የለም። ሞተሩ ሳይነሣ 150 ካለ ደግሞ ሽቦው አጭር ዙር ሠርቷል። ፒ0710ን ጨምሮ እስከ ፒ0713 ያሉት የስህተት ኮዶች የሚናገሩት ስለዚህ ሴንሰርና ስለ ሽቦው ነው፤ ፒ0218 ግን ካምቢዮው በእርግጥ ከልክ በላይ ሞቋል የሚል ነው። ሁለቱን አለመለየት ደህና ካምቢዮ ያስፈታል።

የሙቀት ቁጥሩ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ግን መንገድ ላይ ሳይሆን ጋራዥ ውስጥ፣ ዘይት ሲቀየር ነው። የቀድሞዎቹ ካምቢዮዎች የዘይት መለኪያ ዘንግ ነበራቸው፤ ዘይቱ ሞቆ፣ በቶዮታ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ላይ፣ በዘንጉ ይለካ ነበር። ብዙዎቹ የቅርብ ጊዜ ካምቢዮዎች ዘንግ የላቸውም። በምትኩ ከሥራቸው የመትረፊያ ቡሎን አለ። መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ሆኖ፣ ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ፣ ዘይቱ በተወሰነ ሙቀት ላይ እያለ ቡሎኑ ይፈታል። ዘይቱ በቀጭኑ ከተንጠባጠበ ልኩ ነው፤ ምንም ካልወጣ ይጎድላል፤ ከፈሰሰ በዝቷል። በብዙ የቶዮታ ሞዴሎች የሚፈለገው ሙቀት ከ35 እስከ 45 ዲግሪ ነው፤ ዜድኤፍ የሚባለው የጀርመን አምራች በብዙ ካምቢዮዎቹ ላይ ከ30 እስከ 50 ይፈቅዳል።

ጋምቤላ ላይ ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ሞተሩ ሳይነሣ ካምቢዮው 40 ዲግሪ ሊሆን ይችላል። ሞተሩ ተነሥቶ ማርሹ በየቦታው ሲሞከር በጥቂት ደቂቃ ውስጥ 45ን ያልፋል። መካኒኩ ቁጥሩን ሳያይ በ70 ወይም በ80 ዲግሪ ላይ ቡሎኑን ቢፈታ፣ በሙቀት ያበጠው ዘይት ይፈሳል፤ መንጠባጠቡ ሲቆም ይዘጋል። 8 ሊትር የሚይዝ ካምቢዮ በ40 እና በ90 ዲግሪ መካከል ከሩብ ሊትር በላይ ልዩነት ያሳያል። ዘይቱ ሲቀዘቅዝ መጠኑ ይወርዳል፤ ካምቢዮው ጎድሎ ይሄዳል። የጎደለው ዘይት ዳገት ላይ ወደ ኋላ ሲሸሽ ፓምፑ አየር ይስባል፣ ማርሹ ይንሸራተታል፣ ሙቀቱም ይብሳል። «ዘይት ከተቀየረ በኋላ ተበላሸ» የሚባለው ቅሬታ አንዱ ምንጭ ይህ ነው፤ ጥፋቱም የአዲሱ ዘይት ተደርጎ ይቆጠራል። ስለዚህ በቆላ ይህ ሥራ የማለዳ ሥራ ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ዘይቱ በ20ዎቹ ውስጥ ስለሚሆን ወደ 35 እስኪወጣ ለመዘጋጀት በቂ ጊዜ አለ።

ስካነር የሌለበት ጋራዥ ቶዮታ ላይ ሌላ መንገድ አለው። በምርመራ ሶኬቱ 4ኛና 13ኛ ቀዳዳዎች በሽቦ ይገናኛሉ፤ ሞተሩ ተነሥቶ የማርሹ እጀታ ከኤን ወደ ዲ እና ከዲ ወደ ኤን ለጥቂት ሰከንድ ይመላለሳል። ከዚያ በኋላ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የዲ መብራት የሙቀት ምልክት ይሆናል፤ ሙቀቱ ዝቅ ካለ አይበራም፣ ልኩ ላይ ሲደርስ ይበራል፣ ካለፈ ብልጭ ድርግም ይላል። አሠራሩ በሁሉም ሞዴል አንድ ዓይነት ስላልሆነ የመኪናውን የጥገና መጽሐፍ ማየት ይገባል። ሽቦውን የሚያስገባ እጅም ይጠንቀቅ፤ 16ኛው ቀዳዳ ቀጥታ ከባትሪ የመጣ ነው፣ ከ4ኛው ጋር ቢነካካ ፊውዝ ያቃጥላል። በዚያው ምክንያት የብሉቱዝ አንባቢው ሶኬቱ ላይ ተሰክቶ ለቀናት ከቆየ ባትሪ ይጨርሳል።

መንገድ ላይ ሙቀቱ 120 ሲደርስ መኪናውን ጥላ ፈልጎ ማቆም፣ ኤሲውን ማጥፋት፣ ማርሹን ፒ ላይ አድርጎ ሞተሩን ሳያጠፉ መጠበቅ ነው። የካምቢዮው ፓምፕ የሚዞረው ሞተሩ ሲሠራ ብቻ ስለሆነ፣ ሞተሩ ከጠፋ የሞቀው ዘይት ባለበት ይቆማል፤ ወደ ማቀዝቀዣው አይሄድም። ከሚኒሞ በላይ ትንሽ ነዳጅ መስጠት ቅዝቀዛውን ያፋጥነዋል። ጭቃና አሸዋ ላይ ፎርዊሉን ወደ ዝቅተኛው ማርሽ ማስገባት ለኮንቨርተሩ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ብዙ አሽከርካሪዎች ግን መኪናው ከተያዘ በኋላ ነው የሚያስታውሱት። በረጅም ሣር ውስጥ የተጓዘ መኪና የሣር ዘርና ጭቃ ራዲያተሩ ፊት ይጋግርበታል። በብዙ መኪኖች የካምቢዮ ማቀዝቀዣው ራዲያተሩ ውስጥ ወይም ፊቱ ላይ ስለሚገኝ፣ ከጉዞ በኋላ ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ በቀስታ በሚፈስ ውሃ ማጠቡ ከማንኛውም ተጨማሪ ዕቃ ይቀድማል።

ባሮ ሞልቶ በኢታንግ፣ በላሬና በጂካዎ በኩል መንገድ ሲጥለቀለቅ ደግሞ የሞቀ ካምቢዮን በቀጥታ ውሃ ውስጥ ማስገባት አደጋ አለው። በድንገት ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል፤ በመተንፈሻ ቱቦው በኩል ውሃ ይስባል። ውሃ የገባበት ዘይት ወተት የተቀላቀለበት እንጆሪ ጭማቂ የመሰለ ቀለም ያወጣል፤ የፍሪሲዮን ሸራው ሙጫ በውሃ ስለሚለቅ እንዲህ ባለ ዘይት ረጅም መንገድ መሄድ አይቻልም። ቁጥሩን ማየት የሚችል አሽከርካሪ ከውሃው በፊት ቆሞ ሙቀቱ ወደ 80 እስኪወርድ ይጠብቃል።

ኢትዮጵያ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላለች። በአገር ውስጥ ያሉት ኦቶማቲክ መኪኖች ከእንግዲህ ረጅም ዓመት ማገልገል አለባቸው፤ መለዋወጫ ካምቢዮ ደግሞ ከአዲስ አበባ 770 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ነው ጋምቤላ የሚደርሰው። የመኪና ባለቤት የካምቢዮ ዘይት ሲያስቀይር ዘይቱ በስንት ዲግሪ ላይ እንደተለካ መካኒኩን ይጠይቅ፤ መልሱንም ከቀኑና ከኪሎ ሜትሩ ጋር ደረሰኙ ላይ ያስጽፍ።